የፈረስ ጋጣ ጉዝጓዝ መዛቂያ መሣሪያ አመራረጥ

ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ሲያስቡበት ግን የፈረስን ጤና፣ የጭድን ቁጠባና የእርሻን ልምላሜ የሚነካ ጉዳይ ነው። ይኸውም በፈረስ ጋጣ ውስጥ ያደረውን ፋንድያና የራሰውን ጉዝጓዝ በምን መሣሪያ እንዛቀው? የሚል ነው።

አገራችን ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ በፈረስ ብዛት ቀዳሚ ናት። በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በአርሲና በባሌ ደጋ ፈረስ ጭነት ይሸከማል፣ ጋሪ ይጎትታል፣ ባለቤቱን ገበያ ያደርሳል። በአዊም የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ፈረሱን በአደባባይ በኮርቻና በጥልፍ ለሚያስጌጥ ሰው፣ ያው ፈረስ ሌሊቱን በምን ላይ ቆሞ እንደሚያድር ማሰብ የሚከብደው አይሆንም።

በብዙ ቤት ግን ጋጣው የሚዛቀው በተገኘው ነገር ነው። አንዱ በዶማ ይቆፍረዋል፤ አንዱ ጭቃ በሚያቦካበት አካፋ ይዝቀዋል፤ አንዳንዱም ቤት ልጆች ወይም እናቶች ጎንበስ ብለው በባዶ እጃቸው ያፍሳሉ። ከዚህ የተነሣ ሦስት ጉዳት ይመጣል። ደኅናው ጭድ ከፋንድያው ጋር ተጥሎ ይባክናል፤ የጋጣው ወለል እየተቦረቦረ ሽንት ያቁራል፤ ሥራው አድካሚ ስለሚሆንም ነገ ይደረጋል እየተባለ ይታለፋል። በመጨረሻ ዋጋውን የሚከፍለው ፈረሱ ነው፤ ከፈረሱም በኋላ ባለቤቱ።

ለምን እንዝቃለን?

ፈረስ ከሰውነቱ የሚያወጣው ቀላል አይደለም። 500 ኪሎ የሚመዝን ትልቅ ፈረስ በአንድ ቀንና ሌሊት ፋንድያውና ሽንቱ ተደምሮ ወደ 23 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። የእኛ አገር ፈረስ ብዙውን ጊዜ የዚህን ግማሽ ያህል ስለሚመዝን፣ 11 ወይም 12 ኪሎ ብለን እንያዘው። ከዚህ ግማሹን በጋጣው ውስጥ ቢጥለው በየማለዳው 6 ኪሎ ያህል ይጠብቀናል ማለት ነው። ለአንድ ሳምንት ሳይዛቅ ቢቆይ ከ40 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ ያውም የራሰው ጉዝጓዝ ሳይቆጠር።

በዚህ እርጥበት ላይ የሚቆም ፈረስ መጀመሪያ የሚጎዳው በሰኮናው ነው። የፈረስን እግር አንሥታችሁ ብታዩ፣ በሰኮናው ሥር ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ እንደ ጎማ ለስለስ ያለ ክፍል አለ። በእርሱና በሰኮናው መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ፋንድያና ሽንት ሲጠቀጠቅ፣ አየር ስለማያገኝ ይበሰብሳል፤ ጥቁር የሚገማ ፈሳሽም ያወጣል። ብስባሴው ወደ ውስጥ ከዘለቀ ፈረሱ ያነክሳል። የሚያነክስ ፈረስ ጋሪ አይጎትትም፤ ጋሪው በቆመበት ቀን ደግሞ የዕለት ገቢ የለም።

ሁለተኛው ጉዳት በሳንባው ላይ ነው። ሽንትና ፋንድያ ተቀላቅለው ሲፈርሱ አሞኒያ የሚባል ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። ጋዙ በብዛት የሚገኘው ከወለሉ አጠገብ ስለሆነ፣ በር ላይ ቆሞ የሚያሸት ሰው ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ ማለዳ ወደ ጋጣው ስትገቡ ፈረሱ ተኝቶ አፍንጫው በሚደርስበት ከፍታ ቁጢጥ ብላችሁ አሽትቱ። ዓይናችሁን ከለበለባችሁ ፈረሳችሁ ሌሊቱን ሙሉ እርሱን ሲተነፍስ አድሯል ማለት ነው።

ሦስተኛው ዝንብ ነው። የቤት ዝንብ እንቁላሏን በፋንድያ ላይ ከጣለች በኋላ በሞቃት ወራት ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ ዝንብ በርሮ ይወጣል። የፈረስን እግር እየነከሰች የምታስረግጠው ዝንብም የምትራባው ሽንት በነካው የበሰበሰ ጭድ ውስጥ ነው። እንግዲህ ማዕዘኑ ሳይቀር ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ሙልጭ ተደርጎ የተዛቀ ጋጣ፣ ዝንቡ ክንፍ ከማብቀሉ በፊት ቤቱን ያፈርስበታል።

አስቀድሞ ጉዝጓዙን ማወቅ

መሣሪያ ከመግዛታችሁ ወይም ከማሠራታችሁ በፊት ፈረሳችሁ በምን ላይ እንደሚያድር ተመልከቱ። የዚህ ንግግር ዋና ቃል ይኸው ነው፤ መሣሪያውን የሚመርጥላችሁ ጉዝጓዙ ነው።

በአገራችን የሚገኘውን ጉዝጓዝ በሦስት መክፈል ይቻላል። አንደኛው ረጅም ጉዝጓዝ ነው፤ ይኸውም ታጭዶ የደረቀ ሣርና በበሬ ያልተወቃ ረጅም አገዳ ነው። ሁለተኛው አጭር ጉዝጓዝ ነው፤ ይኸውም በአውድማ ላይ በከብት እግር ተረግጦ የደቀቀ የገብስ፣ የስንዴ ወይም የጤፍ ጭድ ነው። ሦስተኛው ደቃቅ ጉዝጓዝ ነው፤ ይኸውም ከእንጨት ሥራ ቤት የሚገኘው ሰጋቱራና የእንጨት ፍቅፋቂ ነው። ይህ የመጨረሻው ብዙውን ጊዜ በከተማ አቅራቢያ ላሉ ባለ ጋሪዎች የሚመች ነው።

ምንም ጉዝጓዝ ሳያነጥፉ ፈረሳቸውን በባዶ መሬት ላይ የሚያሳድሩም ብዙ ናቸው። እነርሱም ቢሆኑ ስለ ወለልና ስለ አካፋ የሚነገረው ይመለከታቸዋል።

ለረጅም ጉዝጓዝ የሚሆነው መሣሪያ

በረጅም ሣር ላይ ስንሠራ የምናነሣው ሣሩን ነው፤ የምንጥለው ፋንድያውን ነው። ስለዚህ ጣቶቹ የተራራቁ መንሽ ያስፈልጋል። መንሹን በሣሩ ሥር አስገብታችሁ ከፍ አድርጉና ወዝወዝ አድርጉት፤ የፋንድያው ኳስ በጣቶቹ መካከል ወደ መሬት ይወርዳል፣ ደረቁ ሣር በመንሹ ላይ ይቀራል። የቀረውን ወደ ግድግዳው ወርውሩት፤ ለማታ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ በአውድማ ላይ የምንገለገልበት የእንጨት መንሽ በሚገባ ያገለግላል፤ ገንዘብ ማውጣት አያሻም። ነገር ግን እንጨት ሽንት ይጠጣልና ለጋጣ የተመደበው መንሽ ለጋጣ ብቻ ይሁን። የብረት ማሠራት የሚሻ ሰው ባለ 4 ጣት፣ በጣቶቹ መካከል ሦስት ጣት የሚያስገባ፣ ማለት ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ያለው ያሠራ። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፌሮ ይበቃዋል። ጫፉ ወደ ሣሩ እንዲገባ ጥቂት ይሹል እንጂ እንደ ወስፌ አይሁን።

ለአጭር ጉዝጓዝ የሚሆነው መሣሪያ

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ሰፊ ክፍተት ያለው መንሽ በደቀቀ ጭድ ላይ ዋጋ የለውም፤ ጭዱም ፋንድያውም በአንድነት ይሾልካሉ። ሠራተኛውም ተናዶ አካፋ ያነሣል፤ አካፋው ደግሞ ደኅናውንም የተበላሸውንም አንድ ላይ ጠርጎ ያወጣዋል።

በደቀቀ ጭድ ላይ ሥራው ይገለበጣል። የምናነሣው ፋንድያውን ነው፤ የሚሾልከው ጭዱ ነው። ስለዚህ ክፍተቱ ከፋንድያው ኳስ የጠበበ፣ ከጭዱ ግን የሰፋ መሆን አለበት። በሴንቲ ሜትር ወደ 3፣ በጣት ሲለካም ሁለት ጣት የማይሞላ ነው። ከሁሉ የሚሻለው መለኪያ ግን የራሳችሁ ፈረስ ነው። ደረቅ ያለ የፋንድያ ኳስ በቅጠል ጠቅልላችሁ ለአንጥረኛው ውሰዱለትና፣ «ይህ እንዳይሾልክ አድርገህ ሥራልኝ» በሉት። አይሳቅባችሁም፤ ቢሳቅም ሥራው ትክክል ይወጣል።

ልኩን በቁጥር ለሚፈልግ፣ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ፌሮ 10 ጣት፣ እያንዳንዱ 35 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ በመካከላቸው 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ቢደረግ የመንሹ ስፋት 33 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አሥሩ ጣት በአንድነት አንድ ኪሎ አይሞላም። ጣቶቹ እንደተከፈተ መዳፍ ወደ ላይ ጎበጥ ይበሉ፤ ጫፋቸው ይደነዝ። ከ6 ሚሊ ሜትር የወፈረ ብረት ጠንካራ ቢሆንም መሣሪያውን ስለሚያከብደው ለዕለት ሥራ አይመከርም። ቀጭኑ ግን ሊጎብጥ ስለሚችል መሬት መፈንቀያ አታድርጉት።

ስለ ጥቅሙ አንድ ሒሳብ እናስላ። በአካፋ የሚዝቅ ሰው በየማለዳው 2 ኪሎ ደኅና ጭድ አብሮ ቢጥል፣ በዓመት 730 ኪሎ፣ ማለት ከ7 ኩንታል በላይ ጭድ ጣለ ማለት ነው። ይህ ጭድ በክረምት መግቢያ፣ ድርቆሽ ባለቀበት ሰዓት፣ ምን ያህል እንደሚፈለግ ለገበሬ መንገር አያሻም። አንጥረኛው ለመንሹ የሚጠይቀውን ዋጋና የ7 ኩንታል ጭድ ዋጋ አስተያዩና ፍርዱን ራሳችሁ ስጡ።

ለደቃቅ ጉዝጓዝ የሚሆነው መሣሪያ

ሰጋቱራ ለሚያነጥፍ ሰው ደንቡ ያው ነው፤ ክፍተቱ ብቻ ይጠባል። አንድ ጣት የማይሞላ፣ ማለት ከ1 ተኩል እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ፋንድያውን አንሥታችሁ ቀስ ብላችሁ ወዝውዙት፤ ሰጋቱራው እንደ ወንፊት ይነጠራል። የራሰው ሰጋቱራ ግን ተጋግሮ ስለሚገኝ በጠፍጣፋ አካፋ መነሣት አለበት።

እንደዚህ ያለ ጠባብ መንሽ በከተማ ሱቅ ከፕላስቲክ ተሠርቶ ሊገኝ ይችላል። ቀላል ነው፤ ለሰጋቱራም ይሆናል። ነገር ግን በድንጋያማ ወለል ላይ ቢጎተት ወይም በራሰ ጭድ ላይ ቢገፋ ጣቱ ይሰበራል፤ የተሰበረውን ደግሞ የአገር አንጥረኛ አይጠግነውም። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

አካፋ፣ ዶማና መጥረጊያ

አካፋ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። መንሽ ፋንድያውን ከለየ በኋላ ሽንት ያራሰው ይቀራል፤ ይህን የሚያነሣው አካፋ ነው። ሆኖም አፉ ሹል የሆነው መቆፈሪያ አካፋ ሳይሆን፣ አፉ ቀጥ ያለና ጠፍጣፋ የሆነው ይመረጥ። ሹሉ አካፋ ወለሉን ይቦረቡራል፤ ጠፍጣፋው ወለሉን ይልጋል። አፉ አልቆ ዙሪያው የተበላ አሮጌ አካፋ ካለ፣ አንጥረኛ ቀጥ አድርጎ ቢቆርጠው ለጋጣ ሁነኛ መሣሪያ ይሆናል።

ዶማ ከዕለት ሥራ መውጣት አለበት። የጋጣ ወለል አብዛኛው አፈር ነው። ዶማ በየጊዜው በቆፈረው ቁጥር ፈረሱ በሚቆምበት ላይ ጎድጓዳ ይፈጠራል፤ ጎድጓዳው ሽንት ይይዛል፤ ሽንት ያራሰው አፈር ደግሞ እንደገና ይቆፈራል። እንዲህ ሆኖ ጋጣው በጥቂት ዓመት ውስጥ ኩሬ ይሆናል። ዶማ የሚያስፈልገው ወለሉ ከነጭራሹ ሲታደስ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የራሰውን አፈር አውጥታችሁ፣ ጠጠርና ሸክላ አፈር እየደለደላችሁ በሚገባ ጠቅጥቁት፤ በየሜትሩም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ በሩ ወይም ወደ ቦይው እንዲያዘነብል አድርጉት።

መጥረጊያም ቢሆን ከጠንካራ ጭራሮ የታሰረና ረጅም እንጨት የተሰካበት ይሁን። በአጭር መጥረጊያ ጎንበስ ብሎ መጥረግ ወገብን ከመጉዳቱም በላይ የጋጣውን ብናኝ በቀጥታ ወደ አፍንጫ ያመጣል። ብናኙ ከበዛ ከመጥረጋችሁ በፊት ጥቂት ውኃ አርከፍክፉ።

ስለ እጀታ

ጥሩ ብረት በመጥፎ እጀታ ላይ ተሰክቶ ብዙ ሰው ወገቡን አጥቷል። መሣሪያውን አጠገባችሁ አቁሙት፤ እጀታው ከደረታችሁ በላይ፣ ከአገጫችሁ በታች ቢደርስ ልክ ነው። ከዚህ ካጠረ ያጎብጣል፤ ከዚህ ከረዘመ በጠባብ ጋጣ ውስጥ ግድግዳ እየመታ ያስቸግራል።

በአንድ ቤት ውስጥ ጋጣውን የሚዝቀው ማን እንደሆነ ጠይቁ። የሚዝቀው የ12 ዓመት ልጅ ወይም እናት ከሆነች፣ እጀታው የሚለካው በአባት ቁመት ሳይሆን በሠራተኛው ቁመት ነው። መሣሪያውም በአንድ እጅ ሲያነሡት የማይከብድ ይሁን።

እንጨቱ በጥላ በደንብ የደረቀ፣ ቋጠሮ የሌለበት ይሁን። ባሕር ዛፍ በየቦታው ይገኛል፤ እርጥቡን ከሰካችሁት ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ብረቱም ይወልቃል። ወይራ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ስለሚከብድ ቀጠን ተደርጎ ይጠረብ። እጀታውን በጠርሙስ ስባሪ ፍቃችሁ አለስልሱት፤ በብረቱም ሶኬት ውስጥ በሽብልቅ አጥብቁት። ከብረቱ አጠገብ አንድ ሚስማር ተመትቶ ቢጎብጥ ብረቱ ተነቅሎ በፈረሱ እግር ላይ እንዳይወድቅ ይከለክላል።

ማውጫና ማጓጓዣ

ለአንድ ፈረስ ባለ ጎማ የእጅ ጋሪ መግዛት ግዴታ አይደለም። የየዕለቱን 6 ኪሎ ፋንድያና የራሰውን ጉዝጓዝ አሮጌ ቅርጫት፣ ወይም ጎኑ ተቆርጦ ገመድ የታሰረበት አሮጌ ጀሪካን ያወጣዋል። ጀሪካኑን እየጎተታችሁ ስለምትወስዱት ራሳችሁ ላይ የሚንጠባጠብ ነገር አይኖርም። ጆንያ ግን አይመከርም፤ ይጠጣል፣ ይበሰብሳል፣ በኋላም ተዘንግቶ እህል ይከተትበታል።

ሁለት ወይም ሦስት ፈረስ ላለው ሰው የግንበኞች ባሬላ ይበቃል። አራትና ከዚያ በላይ ላለው፣ ወይም የጋሪ ፈረሶች በማኅበር ለሚያድሩበት ግቢ፣ ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ዋጋውን ይከፍላል። ከመግዛታችሁ በፊት የጋጣውን በር ስፋት ለኩ። በምትጭኑበትም ጊዜ ከባዱን ወደ ጎማው አድርጉት፤ ክብደቱን ጎማው ይሸከም እንጂ ክንዳችሁ አይሸከም።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

አስቀድማችሁ ፈረሱን አውጡና ውጭ እሰሩት። መንሽ በእጅ ይዞ በፈረስ ኋላ መሥራት ለሁለቱም አደገኛ ነው። ቀጥሎ መመገቢያውንና ውኃውን አውጡ። ከዚያም ደረቁን ጉዝጓዝ እየለያችሁ ወደ ግድግዳው ሰብስቡ፤ ፋንድያውን በመንሽ አውጡ፤ የራሰውን በጠፍጣፋ አካፋ ልጋችሁ አንሡ፤ ወለሉን ጥረጉ። ፈረሱ በሥራ ላይ ሳለ በሩን ከፍታችሁ ወለሉ አየር እንዲያገኝ ተዉት። ማታ ደረቁን መልሳችሁ አንጥፉ፤ የጎደለውን ብቻ በአዲስ ተኩ።

በራሰው ቦታ ላይ አመድ ወይም ኖራ የመበተን ልማድ አለ። አመድና ኖራ ከሽንት ጋር ሲገናኙ የአሞኒያው ጋዝ አብልጦ እንዲወጣ ያደርጋሉ። ስለዚህ ፈረሱ በሚያድርበት ጋጣ ውስጥ በአመድ ፈንታ ደረቅ አፈር በትናችሁ፣ እርጥበቱን ከጠጣ በኋላ አብራችሁ ዛቁት።

ስለ ጤንነትና ስለ መሣሪያ አያያዝ

አሁን የምንናገረውን አደራ በጥሞና ስሙ። የቴታነስ፣ ማለት የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ዘር በአፈርና በፈረስ ፋንድያ ውስጥ ይኖራል። በባዶ እግሩ ጋጣ የሚዝቅ ሰው በመንሽ ጫፍ ወይም በዛገ ሚስማር ቢወጋ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በሽታው ሊገባበት ይችላል፤ ከያዘም ይገድላል። ስለዚህ ቦቲ ወይም ድፍን ጫማ ሳያደርግ ማንም ሰው ጋጣ አይዛቅ፤ በባዶ እጅም አይፈስ። የተወጋ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠብና ስለ ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ፈረስም ለዚህ በሽታ እጅግ የተጋለጠ ነውና ቁስሉ እንዳይናቅ፤ ስለ ክትባቱ የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ።

የመኖ መንሽና የጋጣ መንሽ ለየብቻ ይሁኑ። በፋንድያ ውስጥ የሆድ ትል እንቁላል አለ፤ በዚያው መንሽ ድርቆሽ ብንሰጠው ትሉን መልሰን ለፈረሱ ማጉረሳችን ነው። እንዳይምታታ በጋጣው መንሽ እጀታ ላይ ቀለም ቀቡ ወይም ቀይ ጨርቅ እሰሩ። እንዲሁም በእግሩና በደረቱ ላይ ተራ በተራ እያበጠ የሚፈነዳ ቁስል የያዘው ፈረስ ካለ፣ ያ ፈረስም፣ የጋጣው መሣሪያም ለብቻው ይደረግ፤ ለጎረቤትም አይዋስ። ይህ በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚታየው የፈንገስ በሽታ በቁስልና በዝንብ የሚዛመት ነው።

ሥራው ሲያልቅ መሣሪያውን እጠቡ፣ አድርቁ፣ ብረቱን በአሮጌ ዘይት አሹ፤ ጣቶቹንም ወደ ግድግዳ አዙራችሁ ልጅና ፈረስ በማይደርሱበት ስቀሉ። መሬት ላይ ተጋድሞ የተተወ መንሽ ወጥመድ ማለት ነው።

የወጣው የት ይጣል?

የተዛቀውን በየበሩ መድፋት ሀብትን መድፋት ነው። ለእህል ልምላሜ የሚሰጠው ናይትሮጂን በሽንቱ ውስጥም ስለሚገኝ፣ በሽንት የራሰው ጭድ ከፋንድያው ጋር አብሮ ይከመር። ክምሩ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ፣ ከጉድጓዱም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይሁን። ከፍታው 1 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን በውስጡ ይሞቃል፤ ሙቀቱ 55 ዲግሪ አልፎ ለጥቂት ቀናት ከቆየ የትሉን እንቁላልና የአረሙን ዘር ያጠፋል። ዳሩ ስለማይሞቅ በየሁለት ሳምንቱ ያን ሰፊ ክፍተት ያለውን መንሽ ይዛችሁ የውጭውን ወደ ውስጥ ገልብጡት። በሣር ወይም በላስቲክ ሸፍኑት፤ ዝናብ ጭማቂውን እንዳያጥበው። ከጥቂት ወራት በኋላ ጥቁር፣ የማይገማ፣ በእጅ ሲይዙት የሚፈረፈር ብስባሽ ታገኛላችሁ።

ለልማት ሠራተኞች

እናንተ የልማት ሠራተኞች ይህን በቃል ብቻ አታስተምሩ። በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ወይም ፈቃደኛ በሆነ ገበሬ ጋጣ፣ አንድ ቀን ጠዋት ጋጣውን በገመድ ለሁለት ክፈሉ። አንዱን ገበሬ በአካፋ፣ ሌላውን ተስማሚ ክፍተት ባለው መንሽ አሠሩ። ሁለቱም ያወጡትን ለየብቻ ከምሩና፣ በውስጡ የተገኘውን ደኅና ጭድ ለይታችሁ በገበያ ሚዛን መዝኑ። ሚዛኑ ከናንተ ይልቅ ያስተምራል።

ሁለተኛም ልኩን ከእንጨት አስጠርባችሁ በአካባቢው ላሉት አንጥረኞች አከፋፍሉ፤ ሦስት የእንጨት ሽብልቅ፣ አንዱ ለሣር፣ አንዱ ለጭድ፣ አንዱ ለሰጋቱራ፤ ጣቶቹን ሲያሰናዳ በመካከላቸው እያስገባ ይለካበታል። ሦስተኛም ጋጣውን የሚዝቁት እናቶችና ልጆች በትምህርቱ ላይ እንዲገኙ አድርጉ። መንሹን ለባለቤቱ አሳይታችሁ የሚሠራበትን ሰው ሳታስተምሩ ብትመለሱ ድካማችሁ ከንቱ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ያልነውን በአጭሩ እንሰብስበው። ለረጅም ሣር ሦስት ጣት የሚያስገባ መንሽ፤ ለደቀቀ ጭድ የፋንድያው ኳስ የማይሾልክበት መንሽ፤ ለሰጋቱራ ከዚያም የጠበበ። ለራሰው ጠፍጣፋ አካፋ፤ ለወለሉ ረጅም መጥረጊያ፤ ዶማ ለዓመት ዕድሳት ብቻ። እጀታው በሠራተኛው ቁመት፤ እግር ሁልጊዜ በጫማ።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። መሣሪያም እንዲሁ ነው፤ ሥራውን ያቀልላል እንጂ አይሠራውም። የተሻለውን መንሽ ገዝቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚተወው ሰው፣ በአሮጌ መንሽ በየማለዳው ከሚዝቀው ጎረቤቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት ፈረሳችሁን ስታወጡ እግሩን አንሥታችሁ ሰኮናውን እዩ፤ ቁጢጥ ብላችሁ ጋጣውን አሽትቱ፤ ጉዝጓዙን በእጃችሁ ሳይሆን በዓይናችሁ ለዩና፣ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ወስኑ። መሣሪያችሁን ከዚያ በኋላ ምረጡ።